ለመዛግብትና ለሕዝባዊ ታሪክ ሙያ እንዴት ይሠለጠናል? ከመርሐ ግብር መረጣ እስከ መጀመሪያው ሥራ

በታሪክ ወይም በሌላ ተቀራራቢ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ መዛግብት ሙያ መግባት የሚፈልጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብለው ይጀምራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚቀድመው ግን ሌላ አለ፦ በትምህርት ቆይታዬ ማንም ያልነካው ስብስብ ተሰጥቶኝ፣ አደራጅቼና መግለጫ ጽፌለት፣ ለተመራማሪ ክፍት አድርጌ እወጣለሁን? መልሱ «አዎ» ከሆነ የተቋሙ ስም ሁለተኛ ጉዳይ ነው። «አይ» ከሆነ ደግሞ የትኛውም ዝና ክፍተቱን አይሞላውም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ሁለቱን ሙያዎች ለይቶ ማወቅ

የመዛግብት ባለሙያ ከመሥሪያ ቤት፣ ከማኅበር፣ ከቤተሰብ ወይም ከግለሰብ ሰነድ ይረከባል፤ የሚጠበቀውንና የሚወገደውን ይለያል፤ ያደራጃል፤ መግለጫ ይጽፋል፤ ከብልሽት ይከላከላል፤ ለጠያቂ ያቀርባል። የሕዝባዊ ታሪክ ባለሙያ ደግሞ ታሪክን ከመማሪያ ክፍልና ከምሁራን መጽሔት ውጭ ላለው ሰው ያደርሳል፤ በሙዚየም ዐውደ ርእይ፣ በቅርስ ስፍራ ገለጻ፣ በዘጋቢ ፊልም፣ በቃል ታሪክ ቀረጻ ይሠራል። የመጀመሪያው ተጠሪነት በቅድሚያ ለሰነዱ ነው፤ የሁለተኛው ለተመልካቹና ታሪኩ ለሚነካው ማኅበረሰብ።

ዕድሜያቸውም ይራራቃል። ፈረንሳይ የመዛግብት ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበትን ኤኮል ናሲዮናል ዴ ሻርትን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። ሕዝባዊ ታሪክ ግን በዚህ ስም የድኅረ ምረቃ መርሐ ግብር ሆኖ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ ዋነኛው የታሪክ ፕሮፌሰሩ ሮበርት ኬሊ ነበሩ። ጊዜው በአሜሪካ በታሪክ የሠለጠኑ ምሁራን በዩኒቨርሲቲ የማስተማር ሥራ ያጡበት ነበር። ልዩነቱ እስከ ዛሬ በትምህርቱ አሰጣጥ ይታያል፤ መዛግብትን በመርሆና በወጥ የአሠራር ደረጃዎች፣ ሕዝባዊ ታሪክን በፕሮጀክትና በቡድን ሥራ ይማሩታል።

አንዱን ዋና አድርገው ቢመርጡም ሌላውን ችላ አይበሉት። ፋይሉ እንዴት እንደተፈጠረ የማያውቅ የዐውደ ርእይ አዘጋጅ ሰነዱን ያለ ቦታው ይጠቅሰዋል። ሰዎች ምን ፈልገው እንደሚመጡ የማያውቅ የመዛግብት ባለሙያ ደግሞ ለራሱ ብቻ የሚገባ መግለጫ ይጽፋል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ከመመዝገብ በፊት ሥራውን መቅመስ

በመጀመሪያ እንደ ተመራማሪ ወደ አንድ ቤተ መዛግብት የንባብ ክፍል ይግቡ። አንድ ጥያቄ ይያዙ፤ የስብስቡን ዝርዝር መግለጫ ያንብቡ፤ ፋይል አስወጥተው ይመልከቱ። መግለጫው የት እንደረዳዎት፣ የት እንዳሳተዎት በማስታወሻ ይያዙ። ይህ ማስታወሻ በኋላ ለማመልከቻዎ ጽሑፍ ይጠቅማል።

ቀጥሎ በበጎ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊነት ለመሥራት ይጠይቁ። የሚሰጥዎ ሥራ ዝገት የያዘ አግራፍ መንቀል፣ ወረቀትን ከአሮጌ ፋይል ወደ አሲድ አልባ አቃፊ ማዛወር፣ በአቃፊው ላይ በእርሳስ ርእስና ቁጥር መጻፍ ሊሆን ይችላል። አቧራ አለው፤ ሙሉ ካርቶን ከ10 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ቀኑ ያለ ወሬ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ሲሠሩ ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር እየሳበዎት ከሄደ ሙያው ለእርስዎ ነው። ሰዓቱን የሚቆጥሩ ከሆነ፣ ሁለት ዓመትና ብዙ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ማወቅዎ ትልቅ ትርፍ ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የዲግሪውን ዓይነት መምረጥ

መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በቤተ መጻሕፍትና በኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሚሰጥ ማስተርስ ሆኖ በመዛግብት የሚያተኩር ነው። ሁለተኛው ራሱን የቻለ የመዛግብት ጥናት ማስተርስ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የዚህ ፈር ቀዳጅ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረው መርሐ ግብር ነው። ሦስተኛው የታሪክ ማስተርስ ሆኖ በሕዝባዊ ታሪክ ወይም በመዛግብት የሚያተኩር ነው። አንዳንድ ተቋማት የታሪክንና የኢንፎርሜሽን ሳይንስን ዲግሪ በጥምር ይሰጣሉ።

ምርጫውን የሚወስነው ሊሠሩበት ያሰቡት አገር የቅጥር ማስታወቂያ ነው። በአሜሪካ ብዙ ቀጣሪዎች በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ዕውቅና ካለው መርሐ ግብር የተገኘ ዲግሪ ይጠይቃሉ። የአሜሪካ የመዛግብት ባለሙያዎች ማኅበር ግን ለሥልጠና መመሪያ ያወጣል እንጂ ለትምህርት ቤቶች ዕውቅና አይሰጥም፤ ይህን የማያውቁ አመልካቾች በከንቱ ሲፈልጉት ይታያል። በብሪታኒያና በአየርላንድ ደግሞ የመዛግብት ትምህርትን የሚመዝንና ዕውቅና የሚሰጥ የሙያ ማኅበር አለ፤ የሙሉ ጊዜ ትምህርቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ሊይዙት የሚመኙትን ሥራ ማስታወቂያ ሰብስበው «ተፈላጊ የትምህርት ደረጃ» የሚለውን ረድፍ ጎን ለጎን ያንብቡ። ከዩኒቨርሲቲዎች ብሮሹር ይልቅ እውነቱን የሚነግርዎ እሱ ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ ሥርዓተ ትምህርቱን በጥርጣሬ ማንበብ

የኮርስ ስም አያታልልዎ። «የዲጂታል ዘመን መዛግብት» የሚል ኮርስ አንዲትም ፋይል ሳይነኩ የሚያልፉበት የንድፈ ሐሳብ ውይይት ሊሆን ይችላል። የኮርሱን ዝርዝር ይጠይቁና የተማሪው ሥራ ምን እንደሆነ ይመልከቱ፤ ድርሰት ብቻ ነው ወይስ የመዛግብት መግለጫ፣ የምዘና ሪፖርት (የትኛው ሰነድ እንደሚጠበቅ፣ የትኛው እንደሚወገድና ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ)፣ የዐውደ ርእይ ጽሑፍ? መምህራኑ በቤተ መዛግብት ወይም በሙዚየም ሠርተው ያውቃሉ? የተግባር ልምምዱ ግዴታ ነው? ቦታውን የሚያገኘው ተቋሙ ነው ወይስ ተማሪው ራሱ?

ከሁሉ በላይ ግን በቅርቡ የተመረቁ ሁለትና ሦስት ሰዎች አግኝተው ያነጋግሩ። «ትምህርቱን ወደድከው?» ብለው አይጠይቁ። «በመጀመሪያው የሥራ ወርህ ያልተማርከው ምን አጋጠመህ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የትምህርት ቤቱን ክፍተት ወለል አድርጎ ያሳያል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ማመልከቻ ማዘጋጀት

በዓላማ መግለጫዎ «ከልጅነቴ ጀምሮ ታሪክ እወዳለሁ» የሚለውን ይተዉት፤ አንባቢዎቹ ሺህ ጊዜ አይተውታል። በሁለተኛው እርምጃ የያዙትን ማስታወሻ ያውጡና አንድ የተጨበጠ ጉዳይ ይጻፉ፦ የትኛውን ስብስብ እንዳዩ፣ መግለጫው ምን እንደጎደለው፣ ያንን ለመሙላት ምን መማር እንደሚፈልጉ። የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉልዎ ቢያንስ አንዱ ሥራዎን በዓይኑ ያየ ሰው ይሁን። ቋንቋ የሚያውቁ ከሆነ፣ በተለይም የቆየ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የሚችሉ ከሆነ፣ ጎላ አድርገው ይግለጹት፤ በዚህ ሙያ ይህ እጅግ ተፈላጊ ችሎታ ነው።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር ልበል። በመስኩ የጀማሪ ደመወዝ ከፍተኛ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ ከባድ የትምህርት ብድር ተሸክሞ መውጣት አያዋጣም። የረዳትነት ሥራ ወይም የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጠው ተቋም ዝናው ቢያንስ እንኳ እኔ እሱን አስቀድማለሁ፤ የረዳትነቱ ሥራ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ውስጥ ከሆነማ ማመንታት አያስፈልግም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የሙያውን እምብርት በእጅ መማር

የመዛግብት ሥራ የሚያርፈው በሁለት መርሆዎች ላይ ነው። አንደኛው የአንድ አካል መዛግብት ከሌላ አካል መዛግብት ጋር አይደባለቅም የሚለው ነው፤ የፈረንሳይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1841 በሰርኩላር ደነገገው። ሁለተኛው ሰነዱን ያመነጨው አካል የተጠቀመበት ነባር ቅደም ተከተል ይከበር የሚለው ነው። ሦስት የኔዘርላንድ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተሙት መመሪያ እነዚህን መርሆዎች በዝርዝር አብራርተው በየአገሩ እንዲታወቁ አደረጉ።

በወረቀት ላይ ሲነበቡ ቀላል ይመስላሉ። ሣጥን ፊት ሲቆሙ ግን ይፈተናሉ። የአንድ የሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ለዓመታት ያጠራቀሙት ወረቀት በካርቶን መጣ እንበል። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመዋጮ ደረሰኝ፣ የጋዜጣ ቁራጭ አለበት። ከአንድ ደብዳቤ ጋር የተያያዘ ፎቶግራፍ አለ፤ አሥራ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመዋል፤ በጀርባው የተጻፈ ነገር የለም። ጀማሪ ወዲያው የሚቃጣው ፎቶዎቹን ለብቻ፣ ደብዳቤዎቹን ለብቻ፣ ደረሰኞቹን ለብቻ ማድረግ ነው። ደብዳቤውን ሲያነቡት ግን «ከሥራ የተሰናበቱት አባሎቻችን ፎቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል» ይላል። ፎቶው «ልዩ ልዩ ፎቶግራፎች» ወደሚል ሣጥን ከተዛወረ እነዚያ ሰዎች ማን እንደሆኑ የሚናገር ነገር አይኖርም። ከእንግዲህ በር ላይ የቆሙ ማንነታቸው የማይታወቅ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ለጥበቃ ሲባል ፎቶው በግድ መለየት ካለበት፣ በነበረበት ቦታ «ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ ሣጥን ቁጥር … ተዛውሯል» የሚል ወረቀት ይተዋል፤ በአዲሱ ቦታም ከየት እንደመጣ ይጻፋል። ይህን ልማድ በትምህርት ቤት ካልያዙት በሥራ ጫና መካከል አይይዙትም። ነባር ቅደም ተከተል ፈጽሞ የሌለው ስብስብም ያጋጥማል፤ ያን ጊዜ ባለሙያው ራሱ ያደራጃል፤ ማደራጀቱን ግን በመግለጫው ላይ በግልጽ ይጽፋል።

መግለጫ ለመጻፍ ደግሞ የዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት ያወጣውን አጠቃላይ የገለጻ ደረጃ ጠንቅቀው ይማሩ። ሁለተኛው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን 26 የገለጻ ነጥቦች አሉት። ለዓለም አቀፍ የመረጃ ልውውጥ የግድ የሚያስፈልጉት ስድስት ናቸው፦ መለያ ኮድ፣ ርእስ፣ ሰነዱን ያመነጨው አካል፣ ዘመን፣ መጠንና የገለጻው እርከን (መግለጫው ስለ ሙሉው ስብስብ፣ ስለ አንድ ፋይል ወይስ ስለ ነጠላ ሰነድ መሆኑ)። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰነዶች፣ በሰዎችና በተቋማት መካከል ባለው ግንኙነት ላይ የተመሠረተ አዲስ የገለጻ ሞዴል አውጥቷል፤ ሁለቱንም የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢሆን ይመረጣል።

«ልዩ ልዩ ሰነዶች፣ 3 ሣጥን» የሚል መግለጫ ለማንም አይጠቅምም። «የማኅበሩ ጸሐፊ ደብዳቤዎች፦ ከሥራ ስንብት አቤቱታ ጋር የተያያዙ» የሚለው ግን አያቱን የሚፈልግ ሰው እንኳ በር ሊከፍትለት ይችላል። በአንጻሩ እያንዳንዱን ወረቀት ካልዘረዘርኩ የሚል ተማሪም አለ። በብዙ ቤተ መዛግብት ለዓመታት ያልተነካ ክምችት ስላለ፣ አንዱን ስብስብ እስከ መጨረሻዋ ቅጠል ከመዘርዘር ብዙውን በአጠቃላይ ደረጃ ገልጾ ለሕዝብ መክፈት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ጥልቁን ገለጻ ለሚገባው ስብስብ ያቆዩት።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ዲጂታሉን አለመፍራት

የዛሬ ሣጥን ሐርድ ዲስክ ነው። የመጀመሪያው ደንብ፦ ሰክተው ፋይሎቹን በመክፈት አይጀምሩ። ኮምፒውተሩ ሳያስታውቅዎ በዲስኩ ላይ ቀኖችን ሊለውጥ ይችላል። መጻፍን በሚከለክል መሣሪያ ያገናኙት፤ ሙሉ ቅጂ ያውጡ፤ ቫይረስ ይፈትሹ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር ያሰሉ። ለምሳሌ ሻ-256 የተባለው ስሌት ለማንኛውም ፋይል 64 ሆሄያትና አኃዞች ያሉት መለያ ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው በሙሉ ይለወጣል። ከዓመታት በኋላ ስሌቱን ደግመው ተመሳሳይ መለያ ካገኙ ፋይሉ እንዳልተነካ ማስረጃ አለዎት። ቅጂዎቹን ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ያስቀምጡ።

ንድፈ ሐሳቡን በተመለከተ አይ.ኤስ.ኦ 14721 ተብሎ የሚታወቀውን የዲጂታል ቤተ መዛግብት ሞዴል ማወቅ ይጠበቅብዎታል። ያዘጋጁት የጠፈር መረጃ ማቆየት የቸገራቸው የኅዋ ድርጅቶች ናቸው፤ ቃላቱ መጀመሪያ ላይ ቢከብዱም የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ይነሣሉ። ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። የሠንጠረዥ መረጃ ማጽዳት፣ ሺህ ፋይሎችን በአንድ ትእዛዝ መሰየምና የኤክስ.ኤም.ኤል ፋይል (መረጃን በምልክት ከፋፍሎ የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) ማንበብ ከቻሉ ከብዙ ምሩቃን ቀድመዋል።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ለሕዝብ መናገርን መለማመድ

የሕዝባዊ ታሪክ ኮርሶች ከሚሰጡዎት ውስጥ ሁለቱን አጥብቀው ይያዙ። አንደኛው የቃል ታሪክ ነው። መቅረጫውን ከማብራትዎ በፊት ተናጋሪው ቃሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚሰማው፣ ምን እንዲዘጋለት እንደሚፈልግ ተነግሮት በጽሑፍ ይስማማ። ድምፁን ባልተጨመቀ ዋቭ ፋይል ይቅረጹ። «ጊዜው አስቸጋሪ ነበር፣ አይደል?» ብለው መልሱን አያጉርሱ፤ «ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይንገሩኝ» ይበሉ። ዝምታ ሲመጣ አያቋርጡት፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ በጽሑፍ ለመገልበጥ ከግማሽ ቀን በላይ ሊወስድ ስለሚችል ጊዜዎን ሲያቅዱ ይህን ያስቡ።

ሁለተኛው የዐውደ ርእይ ማብራሪያ ጽሑፍ ነው። ጎብኚው ቆሞ ነው የሚያነበው፤ ከ75 ቃላት በላይ ከጻፉ ብዙው ሰው ጥሎት ያልፋል። ቅድም ላነሣነው ፎቶ «ይህ የአንድ የሠራተኞች ማኅበር አባላትን የሚያሳይ ታሪካዊ ፎቶግራፍ ነው» ብሎ መጻፍ ዓይንን የትም አያሳርፍም። «እነዚህ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተዋል። ማኅበራቸው ይህን ፎቶ ከአቤቱታ ደብዳቤው ጋር አያይዞ ላከ» ቢሉት ግን ጎብኚው ተመልሶ ፊታቸውን አንድ በአንድ ያያል። ጽሑፉን ሊሰቅሉ ሲሉ ሙያውን ለማያውቅ ሰው ያስነብቡትና የቆመበትን ቃል ይለውጡ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ሥነ ምግባርና ሕግ

ዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ አሥር አንቀጾች አሉት፤ አጭር ነው፤ ይነበብ። ፈተናው ያለው አንቀጾቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። ተመራማሪ ሰነድ የማየት መብት አለው፤ በሰነዱ ውስጥ ስሟ የተጠቀሰ ታካሚም ምስጢሯ የመጠበቅ መብት አላት። አንዳንድ ሰነድ ለተወሰነ ዓመት ይዘጋል፤ አንዳንዱ ስም ተሸፍኖ ይቀርባል፤ አንዳንዱ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ተወስዶ ስለነበር መመለስ አለበት። በነባር መግለጫዎች ውስጥ ሰዎችን የሚያዋርዱ ስያሜዎችም ያጋጥማሉ። እነዚህን መለወጥ ይገባል፤ ቀድሞ የነበረው ስያሜ ግን ራሱ የታሪክ ማስረጃ ስለሆነ በለውጥ መዝገብ ይቀመጥ። የቅጂ መብትን ደግሞ በሚሠሩበት አገር ሕግ ይማሩት፤ ወረቀቱን መያዝ የጽሑፉን መብት መያዝ አይደለም።

አሥረኛ እርምጃ፦ የተግባር ልምምድና የሥራ ማኅደር

ልምምድ ሲጀምሩ የሚጨርሱት ሥራ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ይስማሙ። ከአሥር ሥራ ጥቂት ጥቂት ከመንካት አንድ ትንሽ ስብስብ ከርክክብ እስከ ታተመ መግለጫ ማድረስ ይበልጣል። ያለ ክፍያ የሚያሠሩ ቦታዎች አሉ፤ በተቻለ መጠን ክፍያ ያለውን ይምረጡ። ያለ ክፍያ የሚሠሩ ከሆነ ግን ቢያንስ የኮርስ ነጥብ፣ የሚከታተልዎ ባለሙያና በስምዎ የሚወጣ ሥራ ይኑርዎት። የተቋሙን መደበኛ ሠራተኛ ለመተካት የሚደረግ ልምምድ ለእርስዎም ለሙያውም ጎጂ ነው።

በሥራ ማኅደርዎ ውስጥ አንድ የመዛግብት መግለጫ፣ አንድ የምዘና ሪፖርት፣ አንድ የዐውደ ርእይ ጽሑፍ ወይም የቃል ታሪክ ቅጂ፣ አንድ የዲጂታል ሥራ ይኑር። ከእያንዳንዱ ጋር ለምን እንደዚያ እንደወሰኑ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ይጨምሩ። ቀጣሪ የሚፈልገው ያንን ግማሽ ገጽ ነው፤ ውጤቱን ማንም ሊያሳይ ይችላል፤ ውሳኔውን ማስረዳት ግን የሠራው ሰው ብቻ ይችላል። በሌሎች ተሳትፎ የተሠራ ከሆነ የእርስዎን ድርሻ ለይተው ይጻፉ፤ የግል መረጃ ያለበትን ገጽ ያውጡ።

አሥራ አንደኛ እርምጃ፦ የመጀመሪያው ሥራ

ፍለጋውን ከመመረቅዎ ስድስት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ። «ቤተ መዛግብት» የሚል ስም ያላቸውን ተቋማት ብቻ አይመልከቱ፤ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ የሃይማኖት ተቋማት፣ የስፖርት ክለቦች፣ የብሮድካስት ድርጅቶችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች መዝገብ አላቸው። በመዝገብ ቤት የፋይል አያያዝ ሥራም አይናቁት፤ የነገው ታሪክ የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በአብዛኛው እዚያ በሚወሰን ውሳኔ ነው።

ብዙ የጀማሪ ሥራዎች በፕሮጀክት ገንዘብ የሚተዳደሩ የኮንትራት ሥራዎች ናቸው። ከመፈረምዎ በፊት ኮንትራቱ የመታደስ ዕድል እንዳለው፣ የስብስቡ መጠን በጊዜው ሊያልቅ የሚችል መሆኑን፣ ማን እንደሚቆጣጠርዎ ይጠይቁ። ከጀመሩ በኋላም ያደረጉትን በየዕለቱ በሥራ መዝገብ ያስፍሩ፦ የትኛው ሣጥን እንዳለቀ፣ ምን ከየት ወዴት እንደተዛወረ፣ ምን እንደተዘጋና ለምን፣ ሳይወሰን የቀረው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ። ኮንትራቱ ሲያበቃ ሥራው በሌላ ሰው እጅ ስለሚቀጥል፣ ከቁልፉ ጋር ይህን መዝገብ በፊርማ ያስረክቡ።